ያልተዳሰሰችው ውሻ

አርብ ገበያ ከብት ተራ ገብቶ ይግዛውን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ወይ መንገድ ጠፍቶት ነው ወይ ከብት አይገዛም። ደላላ ግን እንዳትሉት፤ ደላላ ያሉት ቀን ሲነጫነጭ ይውላል። ገበሬ ነው። ገብስና ስንዴ ይዘራል፣ ጥንድ በሬ አለው፣ ልጆቹን ድሮ ኩሎ ጨርሷል፣ አሁን ከሚስቱ ከዘነበች ጋር እየተነታረከ ይኖራል። ግን እግዜር አንድ ነገር ሰጥቶታል፤ የከብት ጤና ያውቃል።

በሬ የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። «አያ ይግዛው፣ እስቲ እይልኝ» ይለዋል። ይግዛው ጋቢውን አውልቆ ለሰው ያስይዝና እጅጌውን ይሰበስባል። መጀመሪያ ዞሮ ያያል፤ አቋሙን፣ እርምጃውን ያያል። ከዚያ እጁን ያገባል። የበሬውን ከንፈር ገልብጦ ድዱን ይመለከታል፤ የነጣ ከሆነ ነገር አለው። ምላሱን ጎትቶ ትንፋሹን ያሸታል። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጦ ይለቅና ቶሎ መመለሱን ያያል። የጆሮውን ሥር ይዳብሳል፣ የአፍንጫውን እርጥበት በመዳፉ ያብሳል፣ ጅራቱን ያነሳል፣ እበቱን ሳይቀር በጣቱ ይነካል። መጸየፍ የሚባል ነገር አያውቅም። መጨረሻ ላይ እጁን በሣር ይጠርግና ወይ «ወድጄዋለሁ» ይላል፣ ወይ «አልወደድኩትም» ይላል። አልወደድኩትም ካለ ያ በሬ እንደመጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በዚህ ነገር ይኮራ ነበር። ይኩራ፣ ምን አለበት? ሃያ ዓመት ሙሉ ተሳስቶ አያውቅም። የሚሳሳተው ሰው ሳይዳስስ ሲናገር ነው ይል ነበር ራሱ፤ በአፉ ነው የሚለው እንግዲህ።

ከዚያው መንደር፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ፣ እማሆይ ፈትለወርቅ ይኖራሉ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ መንኩሰዋል፤ ልጅ የላቸውም። የእህታቸው ልጅ ቤተልሔም መካነ ኢየሱስ ከተማ ታስተምር በነበረ ጊዜ አንዲት ትንሽ ውሻ ታሳድግ ነበር። ወደ ሌላ አገር ስትዛወር «እማሆይ፣ እስክደራጅ ያዙልኝ» ብላ በካርቶን አምጥታ ሰጠቻቸው። ይኸው ሦስት ዓመት፣ እስከ ዛሬ እየተደራጀች ነው።

ውሻዋ ጠጄ ትባላለች፤ ጸጉሯ የጠጅ መልክ ስላለው። ቁመቷ ከበግ ግልገል ያንሳል፣ ጆሮዋ የተንጠለጠለ ነው። የኛ አገር ውሻ በግ ይጠብቃል፣ ጅብ ያባርራል፣ ደጅ ያድራል። ጠጄ ግን ምንም አትጠብቅም። ሰው ሲመጣ እንኳ አትጮህም፤ ጅራቷን እየቆላች ትቀበላለች። «እማሆይ፣ ይቺ ውሻ ናት ድመት?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እማሆይ ይስቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እስከ ቅጥሩ በር ትሸኛቸዋለች፣ ማንም ሳይከለክላት እዚያው ትቆማለች፣ ሲወጡ ተከትላቸው ትመለሳለች። ሰዉም እያደር ለመዳት።

እንግዲህ በዚህ ክረምት፣ በሐምሌ፣ ከየት እንደመጣች ያልታወቀች ትልቅ ውሻ በመንደሩ ስታልፍ የአንድ ሰው አህያ ነከሰች። ነሐሴ ገብቶ ፍልሰታ ሲጀመር አህያው አበደ። ለሃጩ እየተዝረከረከ፣ እንጨት እየነከሰ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። መንደሩ ተሸበረ። የጎጡ መሪ ጥጋቡ ሰው ሰበሰበና ተመከረ፤ ውሻ ሁሉ ይታሰር፣ የታሰረውም በሚያውቅ ሰው ይታይ፣ የሚያጠራጥረው ይገደል ተባለ። «ማን ይየው?» ሲባል ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «ይግዛው» አለ። ይግዛውም ደስ አለው፤ ደስ አላለውም ቢል ውሸቱን ነው።

ግን በሬ ሌላ፣ ውሻ ሌላ። የተከበረ ሰው ለውሻ ወይ ድንጋይ ይወረውራል ወይ ቁራሽ ይወረውራል፤ አይነካውም። ስለዚህ ይግዛው ያን ቀን ጠዋት በየደጁ ሲዞር ከሩቅ ነበር የሚያየው። ሰባት ትልልቅ ውሾች አየ። የጮኸበት፣ ሰንሰለቱን የጎተተ፣ የተወረወረለትን ቂጣ የጎረሰ ሁሉ ዳነ። ጥጋቡ፣ ክንዱ የሚባለው ቀልደኛ ጎረምሳና ሌላ አንድ ሰው ዱላቸውን ይዘው ተከትለውታል። መጨረሻ ላይ እማሆይ ደጅ ደረሱ።

እማሆይ የሉም፤ ሱባኤ ስለያዙ ከማለዳ ጀምረው ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ የጾሙ ቅዳሴ ደግሞ ከሰዓት ነው የሚወጣው። ጠጄ በትእዛዙ መሠረት በገመድ በሩ ላይ ታስራለች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ትንሽ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ሰዎቹን ስታይ ጅራቷን ቆላች።

ይግዛው ቆሞ አያት። ዐይኗ ጥርት ያለ ነበር። ይህን አይቷል፤ አላየሁም ሊል አይችልም። ውስጡ «ቅረብና ድዷን ገልጠህ እይ» አለው። ሁለት እርምጃ ቀረበ፣ ጎንበስ አለ፣ እጁን ዘረጋ።

«አያ ይግዛው፣ ጅራቷንም አንሳና እያት እንጂ!» አለ ክንዱ ከኋላው።

ሳቁ! ሦስቱም በአንዴ ፈነዱ። ጥጋቡ ሳይቀር ዱላውን ተደግፎ ሳቀ። «የእማሆይን ቡችላ እሹሩሩ ሊል ነው እንዴ!» አለ ሌላው። ይግዛው እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። ፊቱ ሲግል ተሰማው። «ቅዳሴ ልገባ ነው፣ ውሻ ነክቼ ልገባ ነው እንዴ?» አለ በቁጣ፣ የነጠላውን ጫፍ እየሰበሰበ። አይ ይግዛው! ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ከንፈሯን ቢገልጥ ምን ነበረበት? ቢሳቅበትስ ምን ይሆን ነበር?

ጥጋቡ ከጎረቤት ቁራሽ ቂጣና በጣሳ ውሃ አስመጣ። ቂጣውን ወረወሩላት። ጠጄ አሸተተችው፣ ምራቋ በከንፈሯ ጫፍ ወረደ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ አየች፣ ከዚያ ፊቷን መለሰች። ውሃውን በእንጨት ገፍተው አስጠጉላት። አልቀመሰችም፤ ወደ በሩ ሸሸች።

«ውሃ ፈራች!» አለ ክንዱ። አሁን አልሳቀም።

«ለሃጯንም እዩት» አለ ሌላው።

«ምን ትላለህ ይግዛው?» አለ ጥጋቡ።

ሦስት ሰው አፉን ጠበቀ። ይግዛው በልቡ «እንጃ» ብሎ ነበር። እንጃ ማለት ግን በሕይወቱ ለምዶ አያውቅም፤ ለአንዲት ቡችላ ብሎ እንጃ ሊል ነው?

«አልወደድኳትም» አለ።

ገመዱን ከአንገቷ ፈትተው ሊገድሏት ከመንደሩ በታች ወዳለው ገደል ይዘዋት ሲሄዱ ጅራቷን እየቆላች ነበር የተከተለቻቸው። ይግዛው እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ ምኑን ይታጠበዋል፣ ወደ ቅዳሴው ገባ።

ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አለቀ። ሰው ሲወጣ እማሆይ ፈትለወርቅም ወጡ፤ በነጠላቸው ጫፍ የተነከረ ሽምብራና ቁራሽ ዳቦ ቋጥረዋል። ይግዛው ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ ያያቸው ነበር። ወደ ደጃቸው እየቀረቡ «ጠጄ፣ ሰዓታችን ደረሰ! ነይ እንግዲህ እንብላ!» ሲሉ ሰማ። ከዚያ ባዶውን ገመድ አዩ።

ጥጋቡ ነበር የነገራቸው። «እማሆይ፣ ምን ይደረግ፣ ታማ ነበር። ይግዛው አይቷት ነው።»

እማሆይ ዞር አሉ። ይግዛውን ፈልገው አገኙት። «አንተ አይተኻት ነው ልጄ?» አሉት።

ይግዛው ራሱን ነቀነቀ። በራሱ ብቻ አዎ አለ።

«እንግዲያስ አንተ ካየኻት ምን ይባላል» አሉ እማሆይ። «እኔ አላወቅሁባትም ነበር። ጠዋት ደህና ነበረች» ብለው የቋጠሩትን ይዘው ገቡና በሩን ዘጉ።

ይግዛው ቤቱ ሄዶ ለዘነበች የሆነውን ነገራት፤ ምግብ አልቀመሰችም፣ ውሃ ፈራች፣ ለሃጯ ወረደ ብሎ። ዘነበች የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ በስንት ሰዓት ነው ቂጣ የሰጣችኋት?»

«ስድስት ሰዓት ገደማ።»

«በፍልሰታ? በስድስት ሰዓት?» ዘነበች እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያቺ ውሻ ከእማሆይ በፊት አፏን አትከፍትም እኮ! እሳቸው ሲጾሙ ትጾማለች፤ በአብይ ጾም እንኳ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ውሃ አትቀምስም። ማን አስተማራት ብለን ሴቱ ሁሉ ስንገረምባት አይደል የኖርነው! አንድ ሴት ብትጠይቁ ምን ነበረበት?»

ይግዛው መደቡ ላይ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ያ ቂጣ ሲወረወርላት፣ እሱ ራሱ ከማታ ጀምሮ ውሃ በአፉ አልዞረም ነበር። ጥጋቡም፣ ክንዱም እንደዚያው። ቂጣውን ቢያቀርቡለት ፊቱን ያዞር ነበር፣ ምራቁንም ይውጥ ነበር፤ አበድክ የሚለው ግን የለም። ጾመኛ ሆነው ጾመኛዋን አስገደሉ።

«ሄደህ ንገራቸው» አለች ዘነበች።

«ምን ብዬ?»

«ተሳሳትኩ ብለህ ነዋ!»

ይግዛው አልሄደም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ፤ አልዋጠችውም። ነገ እሄዳለሁ አለ፤ ነገም ነገ አለ።

ነገሩ በዚያ ቢቀር እንኳ ቀላል ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗ እሌኒ ሰምታ መጣችና ጠጄ ማንን ነክሳ ወይም ልሳ እንደሆነ ጠየቀች። እማሆይ እጃቸው በውሃና በአመድ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ጠጄ ሁልጊዜ ትልሰው እንደነበር አልደበቁም። እሌኒ ሳይውል ሳያድር ደብረ ታቦር ሄደው መርፌ እንዲጀምሩ ነገረቻቸው። እማሆይ ፍልሰታን አቋርጬ ከደጀ ሰላሟ አልወጣም አሉ። ይህን ጊዜ ሰዉ ፈራ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ፈሩ እንጂ። እማሆይ ሲቀመጡ ከጎናቸው የነበሩት ሴቶች ቀስ ብለው ራቅ አሉ። የጸበሉ ኩባያ ከእሳቸው በኋላ ሲመጣ ማንም አይቀበለውም፤ ይታጠብና እንደገና ይቀዳል። እሌኒ በኩባያ አይተላለፍም ብላ ብትለምን ማን ይስማት። እማሆይም ነገሩ ሲገባቸው ራሳቸው ከሴቶቹ ተለይተው ከግንቡ ሥር ብቻቸውን መቆም ጀመሩ።

ይግዛው ይህን ሁሉ ከወንዶቹ በኩል ቆሞ ያያል። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይልና ተመልሶ ይቆማል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት። ያቺን ቃል ከተናገረ ደግሞ የሃያ ዓመት ስሙ ምን ሊሆን ነው? «ውሻ ለመንካት አፍሮ የሰው ውሻ አስገደለ» ሊባል አይደል?

ዓርብ መጣ፤ ገበያ ወጣ። አንድ ከስማዳ በኩል የመጣ ገበሬ ጊደር እንዲያይለት ለመነው። ይግዛው እንደ ልማዱ የጊደሯን ከንፈር ገለበጠ። ድዷ ቀይ፣ እርጥብ፣ ደህና ነበር። እጁ እዚያው አፏ ውስጥ ቀረ። «እንዴት ናት አያ ይግዛው?» አለ ገበሬው። «አንተ አየኻት ማለት በቃ፣ ሌላ ሰው አልጠይቅም።»

«ሌላ ሰው ጠይቅ» አለ ይግዛው። ጋቢውን ተቀብሎ ከገበያው ወጣና በቀጥታ እማሆይ ደጅ ሄደ።

እማሆይ ከበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ይግዛው ሳይቀመጥ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ «እማሆይ፣ ጠጄ ጤነኛ ነበረች» አለ። «ቂጣ ብንሰጣት እምቢ አለች፤ ጾም ላይ እንደሆነች አላወቅሁም። አልዳሰስኳትም። ሰዎቹ ሳቁብኝና ለመንካት አፈርኩ። አይቻታለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው።»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ታማለች ያልከው ለእኔ ብቻ አይደለም» አሉ። «ለሕዝቡ ነው የተናገርከው፣ ለሕዝቡ ንገር።»

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ከቅጥሩ ዛፎች ሥር ተቀምጦ ነበር። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጸበል ይቃመሳል። እማሆይ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ይግዛው ተነሣ።

«ስሙኝ» አለ። «የእማሆይ ውሻ አልታመመችም ነበር። ሳልዳስሳት ነው የፈረድኩባት። ተሳስቻለሁ፣ ዋሽቻለሁም። እማሆይ ምንም የለባቸውም፤ አትራቋቸው።»

ይግዛው የሚመጣበትን ነገር ሁሉ ጠበቀ፤ ስድብም፣ ሳቅም፣ እርግማንም። የመጣው ግን ሌላ ነበር።

«አያችሁ ደግነቱን!» አለ ጥጋቡ እያነባ። «እማሆይ እንዳይከፋቸው ብሎ በራሱ ላይ ይመሰክራል!»

«ደግነት አይደለም፣ እውነት ነው!» አለ ይግዛው።

«እሺ፣ እሺ፣ ገባን» አሉ ሰዎቹ፤ ዐይናቸውን እየተጠቃቀሱ። ይግዛው ይሳሳታል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ጠፋ። ቸግሮት ሄዶ እማሆይ የጠጡበትን የጸበል ኩባያ ተቀበለና በሕዝቡ ፊት የቀረውን ጭልጥ አደረገው። ይህን ጊዜ የባሰ መጣ፤ አንዲት ሴት እልል አለች። «ወይ እምነት!» አሉ። «ሰው ማለት እንዲህ ነው!» ብለው እጁን የሚስሙት ተነሡ። ይግዛው በዚያች ቀን የተሰማው ሐፍረት፣ ሰድበውት ቢሆን ኖሮ አይሰማውም ነበር።

እሌኒ ብቻ አልሳመችውም። «አያ ይግዛው፣ በነገርኸኝ አልጠራጠርም» አለችው ለብቻው ወስዳ። «ግን ታማለች ያልከውም አንተ ነህ፣ አልታመመችም የምትለውም አንተ ነህ። ሬሳዋ እንኳ ገደል ገብቶ የለም። የትኛውን ቃልህን ይዤ ነው አንዲት አሮጊት ሴት መርፌ ይቅርባቸው የምለው?» «እንግዲያስ እኔ እወስዳቸዋለሁ» አለ ይግዛው።

በሁለተኛው ቀን እማሆይን ደግፎ በጭቃው ውስጥ አውቶቡሱ ድረስ ወሰዳቸው፤ ደብረ ታቦር ሲደርሱም መርፌው ወደሚሰጥበት ቦታ ይዟቸው ሄደ። ነርሷ ሩት የምትባል ሴት ነበረች፤ ካርድ አወጣችና መጠየቅ ጀመረች።

«እናቴ፣ ውሻዋ ምን ምልክት ታየባት?»

እማሆይ ይግዛውን አዩት። ይግዛው መሬት መሬት አየ። «ምንም» አለ።

«እንዴት ምንም? ጸባይዋ ተለውጦ ነበር? ትደበቅ፣ ትናከስ?»

«የለም ልጄ» አሉ እማሆይ። ከዚያ፣ እስከዚያ ቀን አንድም ሰው ጠይቋቸው ስለማያውቅ ነው መሰል፣ መናገር ጀመሩ። «ጠዋት በአፍንጫዋ እጄን ነክታ ነው የምትቀሰቅሰኝ፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥብ ነው። የዚያን ቀንም እንደዚያው ቀስቅሳኛለች። ስታዛጋ ድዷን አያለሁ፤ ቀላ ያለ፣ ንጹሕ ነው። አፏ አይሸትም። ዐይኗ አር አይዝም። ጎኗን ስዳብሳት የጎድን አጥንቷ ለእጄ ይሰማኛል እንጂ ለዐይን አይታይም፤ ከስታም አታውቅም፣ ወፍራም አታውቅም። ጸጉሯ ቅቤ የተቀባ ነው የሚመስለው፤ ስቤ ብለቀው በእጄ አይቀርም። ቆሻሻዋ ጠንካራ ነው፣ ከቤት ርቃ ነው የምትወጣው። ስትሄድ በአራቱም እግሯ እኩል ነው የምትረግጠው። ሰዓቷ ሲደርስ እስክትጠግብ ትበላለች፣ ውሃዋን ላፍ ላፍ አድርጋ ትጠጣለች። ማታ እግሬ ሥር ጥቅልል ብላ ትተኛለች፤ ትንፋሿን እሰማለሁ፣ አያቃስትም፣ አይቆራረጥም።»

ይግዛው ቆሞ ሰማ። በሬ ላይ እጁን አስገብቶ የሚፈልገውን ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ እማሆይ ቆጠሩት። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲዳስሷት የኖሩ ሴት ሃምሳ እርምጃ ርቀው ቅዳሴ ላይ ነበሩ፤ እሱ ግን ሳይጠይቃቸው ፈረደ።

ሩት ብዕሯን አስቀመጠች። «እናቴ፣ ይህ እኮ የጤነኛ ውሻ ነው። ታዲያ ለምን ተገደለች?»

«እኔ ነኝ ያስገደልኳት» አለ ይግዛው። «አላየኋትም።»

ሩት አላመሰገነችውም፣ አልሰደበችውምም። አመነችው፤ ከመንደሩ ውጪ ካሉት ያመነችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። «ታስራ ነበር?» አለች።

«አዎ፣ በገመድ።»

«እንግዲያማ ዝም ብሎ መጠበቅ ነበር። አሥር ቀን። በሽታው ካለባት በአሥር ቀን ውስጥ ይለይላታል፤ ከሌለባት በአሥራ አንደኛው ቀን ፈትቶ መልቀቅ ነው። አሁን ግን ስለሌለች ማረጋገጥ አይቻልም። እናቴ፣ መርፌውን መጀመር አለብዎት፤ ሌላም ጊዜ እየተመለሱ መውሰድ ይኖርብዎታል።»

«አሥር ቀን ብቻ?» አሉ እማሆይ።

«አሥር ቀን ብቻ።»

እማሆይ ሌላ አልጠየቁም። ቀጭን ክንዳቸውን ከነጠላቸው አውጥተው ዘረጉ። መርፌው ሲገባ ይግዛው ፊቱን አዞረ።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ይግዛው ተጋፍቶ ሁለት ወንበር ያዘና እማሆይን በመስኮቱ በኩል አስቀምጦ ከጎናቸው ተቀመጠ። ሕዝቡ እንደራቃቸው እሱ እንኳ አልራቃቸውም፤ ይህችን ለራሱ ይቆጥርላት ነበር። ከከተማው እንደወጡ ድፍረት አገኘ።

«እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ እማሆይ፣ ወደ መስኮቱ እንዳዩ። «ቆብ ደፍቼ ይቅር አልልም ብል ምኑን መነኮስኩት? ብዬሃለሁ። አሁን ግን ከአጠገቤ ተነሥልኝ።»

«እማሆይ?»

«ለውሻ አለቀሰች እንዳይሉኝ አፍሬ እስካሁን አላለቀስኩላትም። እዚህ የሚያውቀኝ ሰው የለም፤ ካንተ በቀር። ተነሥልኝና ላልቅስላት።»

ይግዛው ተነሣ። ወንበሩን ለማንም አልሰጠም፤ ባዶውን ትቶት፣ በሰው መካከል እየተሽሎከለከለ ወደ ኋላ ሄደና ከጆንያዎቹ አጠገብ ብረቱን ይዞ ቆመ። ከዚያ ሆኖ የእማሆይ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ይታየው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ድምፃቸውም ተሰማ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

አንድ ሽማግሌ መንገደኛ የይግዛውን እጅ ነካ አድርጎ «አብረሃቸው ነው የመጣህ መሰለኝ፤ ማን ሞቶባቸው ነው?» አለው።

«እንደ ልጅ የምትሆናቸው» አለ ይግዛው።

«ወይኔ! እግዜር ያጽናቸው። ታማ ነበር?»

«የለም» አለ ይግዛው። «ጤነኛ ነበረች።»